ስሙ የተጻፈበት ካርድ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ወረቀት፣ ስለ ቀለምና ስለ ድንች ነው። ድንቹ ግን ለወጥ አይደለም። በየቤታችን ካሉት ነገሮች በእጃችን የሰላምታ ካርድ እንሠራለን። ሥራው ለልጆች ጨዋታ ነው፤ ለወላጆችም ከልጆቻቸው ጋር አንድ ከሰዓት በኋላ አብሮ መቀመጫ ምክንያት ነው። ካርዱ ለሚደርሰው ሰው ግን ከዚያ የበለጠ ሊሆን ይችላልና፣ መቀሱን ከማንሳታችን በፊት ስለዚያ ሰው ጥቂት እንነጋገር።

እኛም ካርድ ነበረን

ካርድ ሲባል ከውጭ አገር የመጣ ልማድ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እስቲ የእንቁጣጣሽን ጠዋት አስቡት። ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶቹ ደግሞ በነሐሴና በጳጉሜን ዝናብ ቤት ተቀምጠው የሳሉትን ሥዕል ይዘው የጎረቤት በር ያንኳኳሉ። ከወረቀቱ ላይ ፀሐይ አለች፣ አደይ አበባ አለ፣ ክንፉን የዘረጋ መልአክ አለ። ጎረቤትም ሥዕሉን ተቀብሎ፣ መርቆ፣ ሳንቲም ወይም ዳቦ ይሰጣል። ይህ ካርድ ካልሆነ ታዲያ ካርድ ምንድን ነው? ወረቀት አለው፣ በእጅ የተሠራ ሥዕል አለው፣ መልካም ምኞት አለው፣ ከእጅ ወደ እጅም ይደርሳል።

አሁን አሁን ግን ይህ ሥዕል በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ በየሱቁ ደጃፍ ይሸጣል። ልጁ ገዝቶ ያድላል እንጂ አይስልም። ወላጆች ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት እናስብ። ልጃችን የሳላት ፀሐይ ጠማማ፣ የመልአኩም አንድ ክንፍ ከሌላው ያጠረ ሊሆን ይችላል። ጎረቤቷ ግን ያንን ጠማማ ፀሐይ «ይህን የሳለልኝ የእገሌ ልጅ ነው» ብላ ግድግዳዋ ላይ ትለጥፈዋለች። ፎቶ ኮፒውን የምትለጥፍበት ምክንያት የላትም።

የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ የገና ካርድ የታተመው በለንደን ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1843 ነው። ያሳተመው ሄንሪ ኮል የሚባል ሥራ የሚበዛበት የመንግሥት ባለሥልጣን ሲሆን፣ ሥዕሉን የሠራለት ሠዓሊው ጆን ካልኮት ሆርስሊ ነበር። ዋጋው አንድ ሽልንግ ነበር። በመሐሉ አንድ ቤተሰብ ማዕድ ከብቦ ይታያል፤ በግራና በቀኙ ድሆችን ማብላትና ማልበስ ተሥሎበታል። ከማዕዱ ዙሪያ አንዲት ሕፃን ወይን ስትቀምስ በመታየቷም መጠጥን የሚቃወሙ ሰዎች በጊዜው ተቆጥተው ነበር። ኮል ይህን ካርድ ያሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። በበዓል የሚደርሱትን ደብዳቤዎች ሁሉ በእጁ እየጻፈ መመለስ አቅቶት ነበር። የታተመው ካርድ ከጅምሩ ጊዜ መቆጠቢያ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ በስልካችን የምንልከው ሻማና አበባ ያለበት የበዓል ምስልም የዚያው የልጅ ልጅ ነው። አንዱን ምስል ለመቶ ሰው ባንድ ጊዜ እንልካለን። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ባሕር ማዶ ያለ ወገናችንን በአንድ ደቂቃ እንኳን አደረሰህ እንለዋለን። ችግሩ ተቀባዩም ምስሉ ለመቶ ሰው የተላከ መሆኑን ማወቁ ነው። በእጅ የተሠራ ካርድ ግን ለሁለት ሰው አይሆንም። የሠራው ሰው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ስለዚያ አንድ ሰው ብቻ ሲያስብ ቆይቷል። ተቀባዩ ፖስታውን ሲከፍት የሚያየው ያንን ግማሽ ሰዓት ነው።

በገዛ እጅ የተጻፈ ሰላምታ

ሐዋርያው ጳውሎስ መልእክቶቹን በጸሐፊ ያስጽፍ ነበር። የሮሜን መልእክት በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ በምዕራፍ 16 ላይ የራሱን ሰላምታ ጨምሮ ስሙን ነግሮናል። ይሁን እንጂ ጳውሎስ መጨረሻ ላይ ብዕሩን ተቀብሎ ሰላምታውን በገዛ እጁ ይጽፍ እንደነበር በሁለተኛ ተሰሎንቄ መዝጊያ ላይ እናነባለን። ረጅሙን ትምህርት ሌላ ሰው እንዲጽፍለት ፈቀደ፤ ሰላምታውን ግን ለሌላ እጅ አልተወም። በዚያው በሮሜ ምዕራፍ 16 ደግሞ ከሃያ በላይ ሰዎችን በየስማቸው ይጠራል፤ ለብዙዎቹም ያደረጉትን ያነሣላቸዋል። ይህቺ ሰው ብዙ ደክማለች፣ እነዚህ ስለ እኔ ነፍሳቸውን ለአደጋ ሰጥተዋል እያለ።

ከዚህ ለካርዳችን ሁለት ነገር እንውሰድ፦ የሰውየውን ስምና ሰውየው ያደረገውን ነገር። እነዚህ ሁለቱ ካሉበት ሥዕሉ ባያምርም ካርዱ ካርድ ነው።

ለማን እንሥራ?

እኛ በምንኖርበት በሚዛን ተፈሪ ሦስት ዓይነት ሰዎች ቶሎ ወደ አእምሮአችን ይመጣሉ። እናንተም በየከተማችሁ እንዲህ ያሉ ሰዎች አታጡም።

የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ ልጆች ተመድበው ይመጣሉ። ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቤተሰቡ ከዚያም ወዲያ ጎንደር ወይም ሐረር ላለ ልጅ፣ ለአንድ በዓል ደርሶ መመለስ የሚሞከር አይደለም። እንዲህ ያለው ወጣት እሑድ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ጉባኤው ሲበተን ማንም ስሙን ሳይጠይቀው ሊወጣ ይችላል። ለእርሱ የሚሠራው ካርድ የጥሪ ካርድ ይሁን። ስሙን ጠይቁ፣ ስሙን ጻፉበት፤ ከውስጥ «የገና ምሳን ከእኛ ጋር ብላ፤ ከስብሰባ በኋላ ከበሩ ላይ እንጠብቅሃለን» በሉት። ለልጃችሁ በሌላ ከተማ እንዲደረግለት የምትመኙትን ነው ለእርሱ የምታደርጉት።

ሁለተኛዎቹ ሕሙማንና አስታማሚዎቻቸው ናቸው። ወደ ከተማችን ሆስፒታል ከማጂ፣ ከጉራፈርዳና ከሌሎችም ሩቅ ወረዳዎች የሚመጡ አሉ። ዘመድ የሌለው ሕመምተኛ ጠያቂ በሚገባበት ሰዓት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እርግጥ ካርድ አጥሚትን አይተካም። አጥሚቱን በፔርሙስ ያዙ፤ ካርዱን ከእርሱ ጋር አድርሱ። አጥሚቱ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ካርዱ ግን ከትራሱ አጠገብ ቆሞ ማታም ይታያል። አስታማሚዋንም አትርሷት፤ ከአልጋው ሥር ወለል ላይ የምታድረውን እናት ወይም እህት «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚላት ጥቂት ነው።

ሦስተኛዎቹ የቅርብ ሰዎቻችን ናቸው፤ እናት፣ አባት፣ ያስተማሩን መምህር፣ ያሳደገችን አክስት። በአገራችን ሰው ሲያርፍ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ አለ። ደግነቱ፣ ትጋቱ፣ ለሰው ያደረገው ሁሉ ይነገራል። ጉባኤው ያለቅሳል። ይህን ሁሉ ያልሰማ አንድ ሰው ቢኖር ግን ባለቤቱ ነው። ታዲያ ከዚያ ጽሑፍ አንዲት አረፍተ ነገር ቀድመን ቆርጠን ዛሬ በካርድ ብንሰጠው ምን ይጎድልብናል?

ምን ያስፈልጋል?

ወረቀት፦ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ወፈር ያለ ወረቀት (ከ160 እስከ 200 ግራም) ወይም ማኒላ ወረቀት ግዙ። ከጠፋ መደበኛውን 80 ግራም ወረቀት ሁለቱን በኮላ አጣብቁ። አንዱ ኤ4 ወረቀት ሁለት ካርድ ይወጣዋል፤ ሃያ ወረቀት አርባ ካርድ ነው።

መሣሪያ፦ መቀስ፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ኮላ፣ ምላጭ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ።

ማኅተም፦ ድንች፣ ያረጀ ሲሊፐር ጫማ፣ የውኃ ፕላስቲክ ክዳን፣ የቡና ቅጠል፣ የልጆቻችሁ ጣት።

ቀለም፦ የውኃ ቀለም ካላችሁ ደግ ነው። ከሌላችሁ ደግሞ ቡናና እርድ።

አሠራሩ

1. ኤ4 ወረቀቱን (21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር ነው) ከረጅሙ ጎን መሐል ለሁለት ቁረጡት። እያንዳንዱን እንደ ደብተር ስታጥፉት 10.5 በ14.8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርድ ታገኛላችሁ። ወፍራም ወረቀት ዝም ብሎ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በመታጠፊያው ላይ ማስመሪያ አድርጋችሁ ቀለሙ ባለቀው እስክሪብቶ ጠበቅ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ አስምሩ፤ ከዚያ ስታጥፉት መስመሩን ተከትሎ ቀጥ ይላል።

2. ድንቹን በአንድ ቆራጣ ለሁለት ክፈሉት። ቢላው ሁለት ጊዜ ከተመላለሰ ፊቱ ወጣ ገባ ይሆንና ቀለሙ እኩል አያርፍም። በፊቱ ላይ ቅርጹን በእርሳስ ንደፉ፤ እንዲታተም የምትፈልጉትን ትታችሁ ዙሪያውን ቅረጹት። ከፍ ብሎ የቀረው ቀለም ይይዛል፣ የተቆረጠው ነጭ ይሆናል። በመጨረሻ የድንቹን ውኃ በጨርቅ አድርቁ፤ አለዚያ ቀለሙን ያቀጥነዋል። የድንች ማኅተም ለዚያ ቀን ብቻ ነው። ለዓመታት የሚቆይ ከፈለጋችሁ ያረጀ ሲሊፐር ሶሉን አጥባችሁ፣ ቅርጹን ቆርጣችሁ በፕላስቲክ ክዳን ላይ በኮላ ለጥፉት። ምላጭ የሚይዘው ትልቅ ሰው ይሁን፤ ልጆቹ ይንደፉ፣ ያትሙ።

3. ምን እንቅረጽ? ከሱቅ የሚገዛው የገና ካርድ ብዙ ጊዜ በረዶ የለበሰ ጽድና በአጋዘን የሚጎተት ጋሪ ነው። ሚዛን ተፈሪ ላይ ገና የሚመጣው በቡና መካከል ነው። ከጌሻ ጫካ የተሰበሰበ የቡና ዘር ባሕር ተሻግሮ ፓናማ ደርሶ፣ «ጌሻ» የሚለውን ስም በዓለም ገበያ አስጠርቷል፤ እኛ ግን በካርዳችን ላይ አናስቀምጠውም። የቡና ፍሬ ደግሞ ለመቅረጽ ከሁሉ የቀለለ ነው፤ ሞላላ ቅርጽና በመሐሉ አንድ ጠመዝማዛ መስመር፣ አለቀ። የቡና አበባ አምስት ነጫጭ ቅጠሎች አሉት። ለሦስት ዓመት ልጅ እንኳ አይከብድም፤ ትንሽዋን ጣት ነጭ ቀለም እያስነኩ በቡናማ ማኒላ ወረቀት ላይ ክብ ሠርቶ አምስት ጊዜ ማሳረፍ ነው። የቡና ቅጠልም ራሱ ማኅተም ነው፤ ሥሩ ጎልቶ የሚታይበትን ጀርባውን ቀለም ቀብታችሁ ወረቀቱ ላይ ተጫኑት።

4. ለቡናና ለእርድ ቀለም አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በግማሽ ሲኒ ውኃ በጥብጣችሁ እስኪወፍር ድረስ በእሳት አማስሉ። ሲበርድ ለሁለት ክፈሉት። በአንዱ ላይ በጣም የተንተከተከ ወፍራም ቡና፣ በሌላው ላይ የእርድ ዱቄት ጨምሩ። እርድ ከቴፒ ገበያ እንደ ልብ ይገኛል። ልጆች የሚደነቁበት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በደረቀው የእርድ ቢጫ ላይ የሳሙና ውኃ ወይም የአመድ ውኃ ጠብ ስታደርጉ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ምክንያቱም የእርድ ቀለም እንዲህ ያለውን ውኃ ሲያገኝ መልኩን ስለሚቀይር ነው። የእርድ ቢጫ ግን ፀሐይ ይፈራል፤ መስኮት ላይ ከሰነበተ ይደበዝዛል። ቡናው ይቆያል።

5. ፊደል በማኅተም ለማተም ካሰባችሁ ተገልብጦ መቀረጽ አለበት። የእኛ ፊደል እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ የካዕብና የሣልስ ቅጥያ በቀኝ በኩል የሚወጣ በመሆኑ፣ ሳይገለበጥ ከተቀረጸ ሲታተም በግራ ይወጣል። ዘዴው ይህ ነው፦ ቃሉን በስስ ወረቀት ላይ በእርሳስ አድምቃችሁ ጻፉ፤ ወረቀቱን በፊቱ ሶሉ ላይ ደፍታችሁ ጀርባውን በማንኪያ እሹት። እርሳሱ ተገልብጦ ይቀራል፤ ስትቀርጹት ቀንቶ ይታተማል።

6. ፖስታውንም በቤት መሥራት ይቻላል። ከኤ4 ወረቀት 21 በ21 የሆነ ካሬ ቁረጡ። ማዕዘኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ ካርዱን አግድም በመሐሉ አስቀምጡ። የግራና የቀኙን ማዕዘን ስታጥፉ መሐል ላይ ልክ ይገጣጠማሉ። የታችኛውን በእነርሱ ላይ አጥፋችሁ ጠርዙን በጥቂት ኮላ አጣብቁ። የላይኛው ክዳን ነው።

የሚዛን ዝናብና የካርዱ ዕድሜ

በእኛ አካባቢ አብዛኛውን ዓመት ዝናብ ነው። እርጥበት የወረቀት ጠላት ነው፤ ወረቀቱ ይጣመማል፣ ኮላውና የዱቄት ቀለሙ ይሻግታል። ስለዚህ ቀለሙን በስሱ አድርጉ። የታተሙትን ካርዶች ከጣሪያ ሥር በተወጠረ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቅላችሁ ሙሉ ሌሊት አሳድሯቸው። እሳት ዳር አታድርጓቸው፤ ይጠቀለላሉ፣ ጭስ ጭስም ይሸታሉ። ሲደርቁ በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑባቸው። ሳይደርቁ በላስቲክ መጠቅለል እርጥበቱን አብሮ መቆለፍ ነው። ለበዓል አስቀድማችሁ ከሠራችሁ ክዳን ባለው ደረቅ ቆርቆሮ ውስጥ፣ በጨርቅ ከታሰረ ጥቂት ከሰል ጋር አስቀምጧቸው።

ከውስጥ ምን እንጻፍ?

ብዙ ሰው ካርዱን አሳምሮ ሠርቶ እዚህ ላይ እጁ ይቆማል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። መጀመሪያ ስሙን፦ «ውድ እትዬ አልማዝ» ወይም «ጋሼ» ብላችሁ በቤት በምትጠሩበት አጠራር። ቀጥሎ አንድ ያደረጉትን ነገር፤ «ደግ ነዎት» ከማለት «ያኔ በዝናቡ ልጄን ከትምህርት ቤት ያመጡልኝን አልረሳም» ማለት ይበልጣል። በመጨረሻ አንድ ምኞት ወይም ጸሎት።

ለታመመ ሰው ስትጽፉ «በሦስት ቀን ትነሣለህ» እያላችሁ በእጃችሁ የሌለውን ቀን አትስጡት። ለምን እንደ ታመመም አታስተምሩት። እንደምታስቡት፣ እንደምትጸልዩለት፣ መቼ ተመልሳችሁ እንደምትመጡ ጻፉ፤ በጻፋችሁት ቀንም ሂዱ። ላዘነ ሰው የሟቹን ስም ጻፉ። ስሙን መጥራት ሐዘኑን የሚቀሰቅስ ይመስለናል፤ ሐዘንተኛው ግን ከልቡ አላወጣውም፣ ሌላውም እንዳልረሳው ማየት ይፈልጋል።

አያታችሁ ፊደል ያልቆጠሩ ከሆኑስ? የሕፃኑን መዳፍ ቀለም ቀብታችሁ አትሙላቸው፤ ያንን ለማንበብ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። በየዓመቱ አንድ መዳፍ ብትልኩ የልጁን ማደግ በእጃቸው ይለኩታል። ቃል መጨመር ከፈለጋችሁም በሚያልሙበት ቋንቋ፣ በቤንችኛም ይሁን በሸኮኛ ወይም በካፊኖኖ፣ ጻፉና ልጁ ራሱ ጮክ ብሎ ያንብብላቸው።

ስለ መላኩም አንድ ቃል። አገራችን ፖስታ ከጀመረች ከ1886 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ በ1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ላለው ሰው ቴምብር ለጥፋችሁ መላክ ትችላላችሁ። ለሌላው ግን የጥንቱ መንገድ አለ፤ በሰው እጅ መላክ። ነገ ወደ ቦንጋ ወይም ወደ ጅማ የሚሄድ ወንድም አይጠፋም፤ ካርድ ደግሞ ለመንገደኛ ሸክም አይሆንም።

በመጨረሻ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ከቤተሰባችሁ ጋር ሆናችሁ በወረቀት ላይ አምስት ስሞች ጻፉ፤ አንድ እንግዳ፣ አንድ ታማሚ፣ አንድ ያዘነ፣ አንድ አስተማሪ፣ አንድ ወላጅ። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ያ ሰው ያደረገውን አንድ ነገር አስታውሳችሁ አስፍሩ፤ እንግዳውን ገና ካላወቃችሁት ልትጠይቁት የምትፈልጉትን ጻፉ። ልጆቻችሁም ይናገሩ፤ እናንተ የረሳችሁትን እነርሱ ያስታውሳሉ። ቅዳሜ ድንቹን ትቆርጣላችሁ። ከአምስቱ መካከል ዕድሜአቸው የገፋ ወይም ሕመማቸው የጠና ካለ ግን፣ የእርሳቸውን ካርድ አስቀድሙ፤ ቀለሙ ሲደርቅ የዚያኑ ዕለት አድርሱት።